ሰሚውን የጻፍኩባቸው ወራት

ሰኞ

የቴሌቪዥን ድራማዬ ክፍል ሁለት በቀይ እስክሪብቶ ተተልትሎ ተመለሰልኝ። ዋና ጸሐፊያችን፣ ከኋላው «መቀስ» የምንለው ሰውዬ፣ ሁሉም በተቀመጠበት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጎ «ጀግናሽ የሚያወራው እንደ ሐኪም ነው። የታመመ ሰው ሕመሙን እንዲህ አያብራራም» አለኝ። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ደሜ ግን ፈልቷል።

የሚያናድደኝ ሐሳቡ የኔ መሆኑ ነው። ሊፍት የሚጠግን ሰው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ የብረቱን ገመድ ሲጨብጥ በሕንጻው ያለ ሰው ሁሉ በሆዱ የሚያስበውን ይሰማል። ስሙ ሰሚው ነው። ተከታታዩ እስኪያልቅ ድረስ ተመልካቹ ይህ ሰው እውነት ልዩ ኃይል አለው ወይስ ታሟል የሚለውን መለየት የለበትም። ጣቢያው የወደደልኝ ይህንኑ ነው። ወንድሜ ሊፍት ጠጋኝ እንደነበረ፣ ከዚያም እንደታመመ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የሚያውቅ የለም። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም።

ቤት ስደርስ እማዬ ሻንጣ ታዘጋጃለች። አክስቴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል፤ እማዬ ሄዳ ልታስታምማት ነው። ለስንት ጊዜ ነው ብላት «እስክትነሳ» አለች።

ረቡዕ

እማዬ ሄደች። በር ላይ እጄን ይዛ የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ክኒኑን ጠዋትና ማታ በእጅሽ ስጪው። ከዋጠ በኋላ አፉን አስከፍቺው፣ ምላሱን ያንሳ፣ እዪ። ከምላሱ ሥር ይደብቃል። ካልዋጠ ደግሞ ታውቂዋለሽ። መጀመሪያ ወሬው ይጣፍጣል፣ ከዚያ እንቅልፉ ይጠፋል፣ ከዚያ ራሱ ይጠፋል።»

«እሺ እማዬ፣ ልጅ እኮ አይደለሁም» አልኳት።

«አንቺማ አይደለሽም። ልጅ የሚሆነው እሱ ነው።»

ማታ ክኒኑን ሰጠሁት፣ ዋጠ። አፍህን ክፈት አልኩት። ጢሙ መሸበት የጀመረ ሰው ነው። ከፈተና ምላሱን አንስቶ አሳየኝ፣ ከዚያ «እታለም፣ ጥርሴን የምታዪው ልትገዢኝ ነው ልትሸጪኝ?» አለ። ሁለታችንም ሳቅን። ትንሽ ቆይቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ።

አርብ

ክፍል ሁለት ሰኞ መግባት አለበት። አንድ መስመር አልጻፍኩም። ክኒን ሰጥቻለሁ። አፍ አይቻለሁ። ወንድሜ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥኑን ያያል፤ ቢጠፋም የሚያየው ይመስለኛል። የሚናገረው «እሺ»፣ «አይ»፣ «ጠገብኩ» ነው። ከዚህ ሰው ምን ይጻፋል?

ቅዳሜ

ጠዋት አፉን አላየሁም። መሃል ላይ ስልክ ተደወለ፣ ስመለስ ውሃውን ጨርሶ ብርጭቆውን አጥቧል። ዋጥኩ አለኝ። አዋቂ ሰው ነው። ሰውን በየቀኑ አፍህን ክፈት ማለት ራሱ ያሳምማል።

እሁድ

አላየሁም። ዋጥኩ አለ።

ሰኞ

መቀስን ለምኜ እስከ ሐሙስ አራዘመልኝ። በአንድ ዓይኑ እያየኝ ነው ያራዘመው። ከሐሙስ በኋላ በኔ ወንበር ሌላ ሰው እንደሚቀመጥ ለመናገር አፉን መክፈት አላስፈለገውም።

ማክሰኞ

ቶሎ ቶሎ ነው የምጽፈው፣ ከደስታ ነው።

ከሥራ ስመለስ ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ጆሮውን የሊፍቱ በር ላይ ለጥፎ በሁለት ጣቱ የጆሮውን ጫፍ ያሻል። ሲያየኝ «ነይ ስሚ» አለኝ። ቀረብኩ። ከሞተሩ ድምፅ በቀር ምንም የለም።

«ሰው ሊፍት ውስጥ ሲገባ ለምን ዝም እንደሚል ታውቂያለሽ?» አለኝ። «መንገድ ላይ ሲጮህ የነበረ ሰው ይገባል፣ ወደ በሩ ይዞራል፣ ጸጥ። ጨዋነት እንዳይመስልሽ። ገመዱ እንደሚሰማ ሁሉም በልቡ ያውቃል። የሚዋሽ ሰው ይከብዳል እታለም። ሚዛን ላይ አይታይም፣ ገመዱ ግን ያውቀዋል። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ያንን ገመድ ግራሶ ስቀባ የስንቱን ጉድ ነው በእጄ የዳሰስኩት!»

እየጎተትኩ ቤት አስገባሁት። ወረቀት አወጣሁ። ሲያየኝ ይናደዳል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ደስ አለው። «ጻፊ ጻፊ፣ እኔን የጻፈኝ ሐኪም ብቻ ነው፣ እሱም ጽሑፉ አይነበብም» አለ። እራት ቀረ። ስለ አራተኛ ፎቅ ሴትዮ፣ ገመዱ ውስጥ ውሸቱን ስለሰማበት ጠበቃ፣ ግድግዳ ውስጥ ስለሚሄደው ጩኸት አወራልኝ። ሳቅሁ፣ አለቀስኩም። እጄ እስኪዝል ጻፍኩ።

ከታመመ ጀምሮ እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ወንድሜ ተመልሶ መጣ። ናፍቆኝ ነበር፤ ይህን የሚረዳልኝ የለም። እማዬ የምትፈልገው ጸጥ ያለ ልጅ ነው፤ እኔ የምፈልገው ወንድሜን ነው።

ክኒኑን ትናንት ማታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬለት ነበር። ጠዋት ሳይ የለም። እንግዲህ ውጦታል።

ሐሙስ

መቀስ አንድ ቃል አልቆረጠም! አንብቦ ጨርሶ መነጽሩን አወለቀ። «ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ከጭንቅላቴ።»

«እንግዲያስ ጭንቅላትሽን ጠብቂው» አለ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። የዛሬው ሳቅ አላናደደኝም።

እሁድ

መስኮቱ ላይ ያለውን አበባ ውሃ ሳጠጣ አፈሩ ውስጥ ነጭ ነገር አየሁ። ክኒን ነው፣ ግማሹ ሟሙቷል። አንድ ክኒን ነው። አንድ ቀን ለማንም ያመልጠዋል። አፈሩን አለባበስኩት።

እማዬ ደወለች። አክስቴ ገና በክራንች ነው የምትሄደው።

«ይውጣል?»

«ይውጣል እማዬ።»

«ይተኛል?»

«በደንብ።»

ስልኩን ስዘጋ ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ጠቀሰኝ። በልጅነታችን የተሰበረ ብርጭቆ ስንደብቅ እንደሚጠቅሰኝ። ስለ ምን እንደጠቀሰኝ አልገባኝም ብዬ ብጽፍ ይሻላል።

ረቡዕ

ዋናው ተዋናይ «ይህን ሰው ማየት እፈልጋለሁ» አለ። የትኛውን ሰው? «የምታውቂው ሰው አለ። ይህ ከጭንቅላት አይወጣም።» ሞኝ አይደለም። ለመቀስ እንዳይናገር አስምዬው ቤት አመጣሁት።

ከሊፍቱ ስንወጣ የሰፈሩ ልጆች ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛው «ራዲዮ ቤት እንግዳ መጣ!» አለ። ወንድሜን እንዲህ ነው የሚሉት፣ ስለማይዘጋ ነው። ተዋናዩ «ማነው ራዲዮ?» ሲል ያልሰማሁ መሰልኩ።

ወንድሜ እንደ ንጉሥ ተቀበለው። ሲያወሩ ዋሉ። ተዋናዩ አንገቱን አዘንብሎ ያዳምጣል። ሊሄድ ሲል ሳላስበው ነው ያየሁት፤ በሁለት ጣቱ የጆሮውን ጫፍ ያሻል። ወንድሜም አየ። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

ሰኞ፣ ክፍል ሁለት በተላለፈ ማግስት

ከተማው ሁሉ የሚያወራው ስለኛ ነው። ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ሁለት ሴቶች ይከራከራሉ።

«አብዷል እንጂ ምን ይሰማል!»

«ኧረ እኔስ እውነት ይመስለኛል። ባይሰማ ኖሮ የጠበቃውን ነገር በምን ያውቃል?»

ጮክ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ ማለት አማረኝ። ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ።

ወንድሜ ትናንት አብሮኝ አየ። መጀመሪያ ሶፋውን እየደበደበ «ይህ የኔ ነው! ይህችም የኔ ናት!» ይል ነበር። ተዋናዩ ጆሮውን ሲያሽ ግን መደብደቡን አቆመ። ካለቀ በኋላ ቀስ ብሎ «ሰውዬው ጆሮዬን ይዞት ሄደ» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ።

ሐሙስ

አይተኛም። እኔም አልተኛሁ፣ ክፍል አምስት ነገ ይገባል። እየተንጎራደደ ያወራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው።

ነገ አፉን አየዋለሁ።

አርብ

ለስብሰባ ዘግይቼ ወጣሁ።

እሁድ

ዛሬ «አፍህን ክፈት» አልኩት። «አንቺም ክፈቺ» አለኝ። ምን ለማለት ነው ብለው «ሁለት ሰሚ አይኖርም። እኔና ያ ሰውዬ አንዳችን ውሸት ነን። ማንኛችን እንደሆንን የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ አፍሽ ውስጥ ነው ያለው» አለ።

ፈራሁ። እውነቱን ልጻፍ፣ ወንድሜን ፈራሁት። ሐኪሙ ጋ ልደውል ስልኩን አነሳሁ። ከዚያ አሰብኩ፤ አሁን ቢያስገቡት፣ እማዬ ብትመጣ፣ የመጨረሻው ክፍል ሳይጻፍ... ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። ሁለት ሳምንት ምን አላት? ሲያልቅ እኔው ራሴ እጁን ይዤ እወስደዋለሁ። ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት፤ «አንዳችን ውሸት ነን» የሚለውን ግን ጻፍኩት።

ማክሰኞ

ስለ መጨረሻው ክፍል ተጣላን። እኔ ያቀረብኩት ሰሚው መድኃኒቱን ውጦ ጩኸቱ ቀስ በቀስ ሲበርድ፣ ከጎረቤት የሕፃን ልቅሶ ብቻ ሲሰማ ነበር። ማንኛውም ሰው የሚሰማው ልቅሶ። መቀስ አዛጋ። ሆን ብሎ ነው ያዛጋው።

«ሰዉ ይህን ሁሉ ሳምንት የጠበቀሽ ክኒን ሲዋጥ ለማየት ነው?»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ኃይሉን እንየዋ! አንድ ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ። እውነት እንደነበረ ይወቁ።»

«የታመመ ሰው ቢያየውስ?» አልኩ። ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፣ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«የታመመ ሰው ዜናም ያያል» አለ መቀስ። «እስከ አርብ ጽፈሽ አምጪ። ካልሆነልሽ እኔ እጽፈዋለሁ።»

እሱ ከሚያበላሸው እኔ ብጽፈው ይሻላል።

ሐሙስ

ጻፍኩት። የሊፍቱ በር ይከፈታል፣ ሊፍቱ ግን የለም፤ ባዶ ጉድጓድ ነው። ሰሚው «አየሩ እውነተኛውን ይሸከማል» ብሎ ይራመዳል። አይወድቅም። ባዶው ላይ ይቆማል። ጨለመ፣ አለቀ።

አንድ ነገር ግን ይጎድለው ነበር። እንደ ጸሐፊ ነው የወጣው እንጂ እንደ ሰሚው አልነበረም። ስለዚህ ለወንድሜ አነበብኩለት።

ሌላ ማን አለኝ? ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚያርምልኝ እሱ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና «ወደ ታች አያይም» አለ። «ወደ ታች ያየ ሰው ተጠራጥሯል ማለት ነው። ደግሞ በሩን ሲከፍት አይሮጥም፣ ጀርባውን ሰጥቶ ትንሽ ይጠብቃል።» አስተካከልኩት። እንደገና አነበብኩለት።

«አሁን ልክ ነው» አለ። «ማንኛችን እንደሆንን በዚህ ይለያል ማለት ነው።»

«ድርሰት ነው እኮ፣ ጌታው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለና ግንባሬን ሳመኝ።

አውቃለሁ ብሎኛል። ይህን እጽፈዋለሁ፤ አውቃለሁ ብሎኛል።

እሁድ ቀን፣ ከአሥር ቀን በኋላ

ዛሬ ማታ የመጨረሻው ክፍል ይተላለፋል፣ ሠራተኛው ሁሉ አንድ ላይ ሊያየው ነው። የቴሌቪዥኑን ገመድ ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ጎረቤት እንዳይሄድ በሩን እቆልፋለሁ። ክኒኑን ዛሬ አስውጬዋለሁ፣ አፉን አይቻለሁ፣ ምላሱን አንስቷል። ሁሉም ተደርጓል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለ።

ሰኞ

ሆስፒታል። በሕይወት አለ። ሁለት ፎቅ ወርዶ የሊፍቱ ጣሪያ ላይ ነው ያረፈው። ዳሌው፣ ግራ እግሩ፣ የጎድን አጥንቶቹ። ያገኘው ዘበኛው ነው። ወንድሜ የቤታችንን በር ማጠፊያ ፈቶ ነው የወጣው፤ ቁልፉ እንደተቆለፈ ነው። የሊፍት በር ለመክፈት ደግሞ እሱን ማን ያስተምረዋል?

ሲደወልልኝ አዳራሹ ያጨበጭብ ነበር።

ማክሰኞ

ኮሪደሩ ላይ ሁለት ነርሶች፣ አልጋ እየገፉ፦

«አየሽው መጨረሻውን? ቆመ እኮ!»

«አየሁ! እኔ ድሮም ብያለሁ፣ እውነት ነበር።»

የሚገፉት የወንድሜን አልጋ ነው።

ሐሙስ

እማዬ ደረሰች። አቀፈችኝ፣ ከዚያ «አፉን ታዪ ነበር?» አለችኝ። «አየው ነበር» አልኩ። የመጨረሻውን ቀን አይቼ የለም?

ቅዳሜ

እማዬ ቤቱን አጸዳች። የሶፋውን ትራስ ስታነሳ ከሥሩ እፍኝ የሚሞላ ክኒን ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ይደብቃል ብለሽኝ ነበር» አልኩ። «ጎበዝ ደባቂ ነው።»

«አንቺም አታንሺም» አለች። ክኒኑን ጠራርጋ ስትደፋ ለራሷ እንደምታወራ ሆና «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አለች። ለራሷ አልነበረም። ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። ማንን ብዬ እንደማለቅስ ግራ ገባኝ። ወንድሜን ነው፣ ወንድሜን ነው።

ረቡዕ

መቀስ አበባ ይዞ ቤት መጣ፤ «ወንድምሽ ደረጃ ላይ ወድቆ ነው አሉ፣ ይማርልሽ» አለ። ተዋናዩ አልመጣም። ስደውልለት አያነሳም።

መቀስ በር ላይ ሲደርስ ተመለሰ። «ምዕራፍ ሁለት ተፈቅዷል። ጣቢያው አንቺ ካልጻፍሽው አልፈልግም ብሏል። አሁን ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ብቻ ያ ድምፅ እንዳይጠፋብሽ።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። «አስብበታለሁ» አልኩ። እማዬ ውስጥ ሆና ሰምታለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ እማዬ ስለ እኔ የምትለውን የማልሰማው እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ፣ አክስቴ ስልክ ላይ አላናግርሽም አለችኝ።

ሰኞ

ወንድሜ ከአጥንት ክፍል ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ተዛወረ። አሁን ክኒን ቀርቶ መርፌ ነው። የሚደበቅ ነገር የለም። ይበላል፣ ይተኛል። ከጎኑ ካለው ሽማግሌ ጋር ካርታ ይጫወታል። ቢሸነፍ አይናደድም።

ብዙ ተቀመጥኩ። ምዕራፍ ሁለት ባዶ ወረቀት ነው፣ አንድ ገጽ እንኳ የለኝም። በመጨረሻ «አሁን ምን ይሰማሃል?» አልኩት።

አሰበ። «ምንም» አለ። «ጸጥ ነው። እታለም፣ ጸጥ ሲል እንዲህ ደስ እንደሚል ረስቼው ነበር።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ይገባ ነበር።

አርብ

እማዬ ሌሊቱን ስላደረች ቤት ሄዳ እንድትተኛ ላክኋት። ሐኪሙ ለጉብኝት ሲመጣ ብቻዬን ነበርኩ።

«እንዴት ነው ዶክተር?» አልኩ።

«ደስ የሚል ለውጥ ነው ያለው። በቅርቡ ቤቱ ይገባል።»

«ግን በጣም ፈዟል። ወንድሜ አይመስልም። ዶክተር፣ እርስዎ ድሮ አያውቁትም፣ ተጫዋች ሰው ነበር። መጠኑን ትንሽ ቢቀንሱለትስ?»

ሐኪሙ ፋይሉን አገላበጠ። «ቢቀነስ የቅርብ ክትትል ይፈልጋል። አብሮት የሚኖር፣ ምልክቱን የሚያውቅ ሰው አለ?»

«እኔ አለሁ» አልኩ። «እናቴ ወደ አክስቴ ተመላሽ ናት፤ እኔ ግን አለሁ። ምልክቱን ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም።»

ለሱ ብዬ ነው። ሰው እንዲህ ደንዝዞ መኖር የለበትም። ይህን እዚህ የምጽፈው ማንም ስለጠየቀኝ አይደለም።

ወንድሜ ካርታውን አስቀምጦ ያየኝ ነበር። «እታለም፣ ለምን?» አለኝ።

«እንድትነቃልኝ ብዬ ነው፣ የኔ ጌታ።»

«ነቅቻለሁ እኮ» አለ።

ሐኪሙ ግን ጽፎ ጨርሶ ነበር።